ከጋቢና ፍሬን የሚይዘው ሰው

ወንዳፍራሽ ማረፉን የሰማሁት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው። የደወለችው ልጄ ሜሮን ናት። «አባዬ፣ ከሆስፒታል ኮል አድርገው ነበር፤ ጋሽ ወንዴ...» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ገባኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እኔ አልሄድኩም። ከኋላዬ ያለው ጥሩንባውን ነፋ። ከእሱ ኋላ ያለውም ነፋ። አንዱማ በጎኔ ሲያልፍ መስኮቱን ከፍቶ ሰደበኝ። ይሳደብ። እኔ የማየው ጎኔ ያለውን ባዶ ወንበርና ከሥሩ የተነጠፈውን ላስቲክ ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉ በቀኝ በኩል ተበልቶ ቀዳዳ አውጥቷል። ሌላው ቦታ ደህና ነው። እዚያች ላይ ብቻ ጫማ በልቶታል፣ የወንዳፍራሽ ጫማ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ እምቢ ብሎኛል። ሻይ አስቀርቤ ሳልጠጣ እነሳለሁ። መኪናውን አስነስቼ እወጣና የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ዌስተን ሰፈር ድረስ ነድቼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ሜሮን «ጻፈው፣ ይወጣልሃል» አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ለመጻፍ የሚበቃ እጅ የለኝም። ግን ያ ምንጣፍ እንዴት እንደተበላ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ወንዳፍራሽ በአገር ቤት የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቶሮንቶ ከገባን በኋላ እሱም እኔም ታክሲ ነዳን። የተዋወቅነው ኤርፖርት፣ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው። ሌላው ሹፌር ወንበሩን አጋድሞ ይተኛል። እሱ በዚያ ብርድ ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን ይሽከረከራል፤ ጎማ በእግሩ መታ ያደርጋል፣ መስታወት በክርኑ ይወለውላል፣ እንደገና ይዞራል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ትዞረዋለህ? ታቦት መሰለህ እንዴ?» አልኩት።

«የቆመ መኪና አይታመንም» አለኝ። «ቆሞ ነው የሚበላሸው።»

ስለራሱም ማለቱ ነበር። ምግብ እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። ሚስት አላገባም፤ ለምን ብለው ሲጠይቁት «ቁጭ በል ትለኛለቻ» ይል ነበር። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነበረችው፤ ስሄድበት ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ቆሞ ታች ያለውን መኪና ሲቆጣጠር አገኘዋለሁ። «ያንን ነጭ መኪና አየኸው? መብራት ሳያሳይ ታጠፈ። ባለጌ!» ይላል፤ የሚሰማው የለም።

የማይችለው ነገር አንድ ነበር። ጋቢና መቀመጥ አይችልም። ሰው እየነዳ እሱ ጎን ሲቀመጥ እንደ ታሰረ ፍየል ይሆናል። አንድ ጊዜ ሃሚልተን ከተማ ሰርግ ስንሄድ መኪናው የእኔ ስለነበር እኔ ነዳሁ። ሰፊው መንገድ ገና ከመግባታችን እግሩ ወለሉን ድም! አደረገው። ፊታችን ያለው ትራክ ሩቅ ነው።

«ምን ትረግጣለህ?» አልኩት።

«ፍሬን።»

«እዚያ ጋ ፍሬን የለም!»

«አውቃለሁ» አለኝ። «አንተ ግን ያዝ።»

ያዝኩ። ተናድጄ ነው የያዝኩት። ከዚያ በኋላ ሃሚልተን እስክንገባ ድረስ በየትራኩ ሲደበድብ ከሰርጉ ይልቅ ቀብር የምንሄድ መሰለኝ። ስንመለስ ቁልፉን ወረወርኩለትና ጋቢና ተኛሁ። ሲነዳ ግን ልክ እንደ ዘይት ነው። ለሚሰማው ሁሉ የሚላት አንዲት አባባል ነበረችው፤ «መሪ የያዘ ሰው እንግዳ ነው፣ ባለቤቱ መንገዱ ነው» ይል ነበር።

ኋላ ላይ የታክሲው ሥራ ቀዘቀዘ። በስልክ የሚጠራው መኪና መጣና አፈር አስጋጠን። እኛ ቡና የምንጠጣበት ዶናት ቤት ጥግ ተሰብስበን መማረር ብቻ ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን ወንዳፍራሽ እንደ ልማዱ ወንበሩን ትቶ ቆሞ «ሥራ አገኘሁ» አለ።

«የት?»

«ራሱን በራሱ የሚነዳ መኪና የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ሹፌር ይፈልጋሉ።»

ሁሉም ሳቀ። «ሹፌር የማይፈልግ መኪና ሹፌር ይፈልጋል?» አለ አንዱ። ሌላው «ወንዴ፣ ሲያልቅ ለራስህ መቃብር መቆፈሪያ ማሽንም ይሠሩልሃል» አለው። እኔ አልሳቅኩም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ልጆቻችንን ያሳደገውን እንጀራ ለብረት ልታጎርስ ነው?» አልኩት። ጠረጴዛውን አንዴ ዞረና ወጣ።

ተከተልኩት። የእኔ መኪና ውስጥ ገባን፤ አልነዳሁም፣ ቆመን ነበር። ቆመን እንኳ እግሩ ምንጣፉ ላይ አላርፍ ብሎ ይነካካል።

«ስማኝ» አለኝ። «አባቴ በመጨረሻው ዕድሜው ታውሮ ነበር። የማስሄደው እኔ ነኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ 'ቀስ በል፣ ቀስ በል' ይለኛል። እኔ መሮጥ ነው የምፈልገው። ዛሬም ያ እጅ ትከሻዬ ላይ ይከብደኛል። ያው የዓይን በሽታ እኔንም ይዞኛል። ዶክተሩ ገና ነህ፣ ጠብታህን አድርግ፣ መንዳት ይፈቀድልሃል ብሎኛል። በየጊዜው ያየኛል። ግን መምጣቱ አይቀርም። እኔ በሰው ትከሻ አልሄድም፣ ታደሰ። ይሄ መኪና ከዓይኔ ቀድሞ ይድረስልኝ። የምፈልገው ይሄንን ብቻ ነው።»

«ካልደረሰስ?»

«ይደርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ይላሉ።»

ያ የሚቀጥለው ዓመት ስንት ጊዜ ቀጠለ!

መኪናውን አምጥቶ አሳየኝ። አናቱ ላይ ጣሳ የመሰለ ነገር ይሽከረከራል፤ ጎኑና አፍንጫው ላይ ካሜራ ተለጣጥፏል። ውስጥ ደግሞ ሹፌሩን ብቻ የሚያይ ካሜራ አለ። አንዳንድ ቀን ራሱ ይነዳና መኪናው እያየ ይማራል። አንዳንድ ቀን መኪናው ይነዳና እሱ ይጠብቃል። ሲጠብቅ እጁ ከመሪው ሥር ነው፤ አይነካም፣ ግን አይርቅም። «ሕፃን መራመድ ሲጀምር ጀርባውን እንዴት ነው የምትጠብቀው? እንደዚያ ነው» አለኝ። ዕድሜ ልኩን መቀመጥ ያቃተው ሰው ቁጭ ብለህ አትንካ የሚሉትን ሥራ ያዘ! ማታ ሲመጣ ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ምንም ሳይነካ ከመዋሉ ነው።

ስለ መኪናው የሚያወራው ስለ ልጅ እንደሚያወራ ነው። «ዛሬ የመንገዱ ባቡር በሩን ሲከፍት ከኋላው ቆመ! ማንም ሳይነግረው!»

«ድፎ ይደፋለታ!» እላለሁ።

በረዶ ሲጥል ግን ተናዶ ይመጣል። መስመሩ በረዶ ሲለብስ መኪናው ግራ ይገባዋል፤ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። «ተነሳ ብዬ ጮህኩበት» ይለኛል። «ምን አለህ?» እለዋለሁ። «ምን ይለኛል፣ ያስባል! ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል፣ እሱ ያስባል!» እና ክፍሌን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። እንደሱ ቸኩሎ የጠበቀ ሰው አላየሁም። መኪናው አንድ ነገር ሲማር ዓይኑ አንድ ቀን የተጨመረለት ይመስለዋል፤ አንድ ነገር ሲስት የተቀነሰበት።

አሁን የቤተክርስቲያኑን ነገር ልናገር።

ቤተክርስቲያናችን ከውጭ ስትታይ ቤተክርስቲያን አትመስልም። ጋራዥና መጋዘን ተደርድሮ ባለበት መንገድ ላይ የነበረ አሮጌ መጋዘን ነው፤ በሩ ላይ ትንሽ መስቀል አለች፣ የማያውቅ አያያትም። የእነ ወንዳፍራሽ መኪና በዚያ መንገድ ይመላለሳል። ወንዳፍራሽ ደግሞ የትም ቢሆን ቤተክርስቲያን ሳይሳለም አያልፍም። ራሱ ሲነዳ እዚያ ሲደርስ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል፣ ያማትባል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ይሄ ለእኛ ሰው ምን አዲስ ነገር አለው?

መኪናው ግን አየ። ተማረም። ወንዳፍራሽ ሳይነካው፣ ከፊቱ ማንም ሳይኖር፣ መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ቀስ ማለት ጀመረ።

ቢሮው ተጨነቀ አሉ። ጉድጓድ ይሆን? ጥላ ይሆን? ሰው እየላኩ መንገዱን አስፈተሹ። በመጨረሻ ቤቴል የምትባል ኢንጂነር ከእሱ ጋር ተቀመጠች። ቤቴል የእኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፤ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ልቧ ግን ሙሉ ነው። ያን ቀን የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፣ አንድ ነው።

«ጋሽ ወንዴ፣ እዚህ ጋ ካሩ ስሎው ያደርጋል። ዋይ እንደሆነ ኖባዲ ኖውስ።»

«የቱ ጋ?»

«እዚህ! ይኸው፣ አሁን!»

እሱ በዚያው ቅጽበት እጁን አንስቶ ግንባሩን ነክቷል።

«ጋሽ ወንዴ... አሁን ምን አደረጉ?»

«ተሳለምኩ።»

«ኦልዌይስ?»

«ቤተክርስቲያን እኮ ነው ልጄ! ዝም ብዬ ልለፈው?»

ልጅቱ መጀመሪያ መጋዘኑን አየች፣ መስቀሏን አየች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ!» አለች።

«እሱን ነው የተሳለምኩት» አላት።

ቢሮው አልሳቀም። መኪናው ያንን እንዲረሳ አደረጉት። ወንዳፍራሽንም እጅህን ከመሪው ሥር እንዳታነሳ አሉት። እሱም ቃል ገባ። እኔ «ታዲያ ለሥራ ብለህ መሳለም ተውክ?» ብዬ ነቆርኩት። «እጄን ቀጥረውታል፣ እጄን አላነሳም» አለኝ። «አንገቴን ግን ማንም አልቀጠረውም።» ከዚያ ወዲህ እጁ ሳይነቃነቅ አንገቱን ብቻ ዝቅ አድርጎ ያልፍ ነበር። ካሜራውም ያየዋል፤ ዝም አሉት።

አንድ የክብረ በዓል ቀን፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው እየወጣ፣ መኪናው ራሱን እየነዳ በዚያ አለፈ። ወንዳፍራሽ ቦታው ላይ ነው። ድንገት መኪናው ፍሬኑን ያዘ። እንዴት ያለ አያያዝ! ቀበቶው ደረቱን አነቀው። ወንዳፍራሽ ደንግጦ ሲያይ ከመኪናው አፍንጫ ሥር የሕፃን ጋሪ አለ። ነጠላ የለበሰች ሴት ከግራ በኩል፣ ከቆሙት መኪናዎች መሃል ጋሪዋን እየገፋች ወጥታለች። ሴቲቱ ምንም አልገባትም። መሪው ኋላ ያለው ሽማግሌ የቆመላት መስሏት አንገቷን ዝቅ አድርጋ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላው ተሻገረች።

«እኔን አመሰገነችኝ፣ ታደሰ» ይል ነበር። «እኔን!»

ቢሮው ፊልሙን አየ። ፊልሙ ላይ ወንዳፍራሽ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ይታያል፣ ትንሽ ቆይቶ መኪናው ይቆማል። ሁሉም እፎይ አለ፤ ምክንያቱ ተገኘ! ሽማግሌው ጋሪውን ያላየው ሲሳለም ነው። ከእንግዲህ እዚያ ቦታ ላይ አትሳለም፣ አበቃ፣ ሥራህን ቀጥል። ቤቴልም ለብቻው ወስዳ ለመነችው። «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ እንደዚያ በሉ። ሲሳለሙ ነው በሉ። ከዚያ ይቀጥላሉ።»

እሱ የመለሰላትን ቤቴል ራሷ ነግራኛለች፤ ስትነግረኝ አፍንጫዋን እየጠረገች ነው።

«ልጄ፣ ተሳልሜ ጨርሼ ነበር። ቀና ብያለሁ። ዓይኔ ክፍት ነው፣ ፊት ለፊት አያለሁ። በግራ በኩል ግን ምንም አይታየኝም። ሥራዬ እንዳይቀርብኝ ብዬ በቤተክርስቲያን ላሳብብ?»

በማግስቱ ቤቴ መጣ። የበረዶ ጎማዬን እየፈታሁ ነበር። በምን እንደመጣ ስጠይቀው «በአውቶቡስ» አለ። ወንዳፍራሽ በአውቶቡስ! የጎማ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ቆሞ ነገረኝ፤ እየተመላለሰ ነው የነገረኝ፣ ከጋራዡ በር እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ።

እኔ ያንን መኪና አልወደውም፤ ዛሬም አልወደውም። ግን ሌላ የምለው አጣሁ። «ታዲያ አየልህ አይደል?» አልኩት። «ይድረስልኝ አላልክም? ደረሰልህ!»

ቆመ። እሱ መቆሙ ነው ያስፈራኝ።

«ለሴቲቱ ደረሰ» አለ። «ለእኔ ገና ነው።» ከዚያ «ነገ ዶክተሩ ጋ ትወስደኛለህ። አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ» አለኝ።

«በራስህ መኪና ነዋ፣ እኔ...»

«በአንተ መኪና። ጋቢና።»

መንጃ ፈቃዱ ሄደ። መኪናው ደግሞ ሳይደርስ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲባል ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎች ሰለቻቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሙከራው ተዘጋ። ያንን ሁሉ የተማረ መኪና ትራክ ላይ ጭነው ወሰዱት። ቤቴል በረዶ ወደሌለበት አገር ሄዳ እዚያ ተቀጠረች። አንዳንዴ ስልክ ትደውልለታለች፤ እዚያ መሪው ኋላ ማንም ሳይኖር መኪናው ሰው ይዞ ይሄዳል ትለዋለች። እሱ ይናደዳል። «በረዶ የለማ! በረዶ ከሌለማ እኔም ታውሬ እነዳለሁ! እዚህ መጥተው ጥር ላይ ይሞክሩ በያቸው!» ስልኩን ይዘጋና ለረጅም ጊዜ ክፍሉን ይዞራል። አሁን የሚዞረው ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ነው።

እንግዲህ ምንጣፉ ያኔ ነው የተበላው። ሐኪም ቤት የማደርሰው እኔ፣ ቤተክርስቲያን እኔ፣ ገበያ እኔ። ከወንበሩ ገና ሳይደላደል ይጀምራል። ድም! ቀይ መብራት ነው። ድም! አውቶቡስ ነው። ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ አንድ ቀን እንዲያ ሲደበድብ መኪናውን ጥግ አስይዤ «ውረድ!» አልኩት። አልወረደም። «እኔ ብወርድ ማን ፍሬን ይይዝልሃል?» አለኝ። ምን ይደረጋል፣ ነዳሁ።

እያደር የቀኝ ዓይኑም ሄደ። በመጨረሻ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። መርገጡ ግን አልቀረም፤ የሚገርመው፣ በትክክል ነው የሚረግጠው።

«ምን አይተህ ነው?» አልኩት አንዴ።

«አንተን ሰምቼ ነዋ። ስትቸኩል መኪናው ይጮሃል።»

ቤተክርስቲያን በር ላይ ሳወርደው ትከሻዬን እሰጠዋለሁ፤ አይዝም። የመኪናውን ጎን ይዳብሳል፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ በሩን። ሴቶች ሊይዙት ሲመጡ «መንገዱን ልቀቁልኝ!» ይላቸዋል። እኔም አልለምነውም፤ ግትር ለግትር ነን። ባለፈው ክረምት ግን አንድ ቀን መሬቱ እንዳለ በረዶ ጠጥቶ መስታወት ሆኗል። ሁለት እርምጃ ሄደና ተንሸራተተ፤ መኪናውን ይዞ ቀረ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። በኋላ አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከባድ እጅ ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር እጅ።

«ቀስ በል» አለኝ።

ቀስ አልኩ። በሩ ድረስ እጁን ከትከሻዬ አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሳንባው ተያዘ። ሆስፒታል ስጠይቀው አልጋው ላይ እንኳ እግሩ አንሶላውን ይገፋል። ነርሷ ሕመም ነው ብላ መድኃኒት ልትጨምር ስትል «ተይው» አልኳት፤ «እየነዳችሁት ስለሆነ ነው።» ምን እንዳልኩ አልገባትም። እሱ ግን ሰምቶኛል፣ ከንፈሩ ሳቀ።

አሁን አርባው ደረሰ። በዕለቱ ጠዋት ወደ ቤተክርስቲያን ልሄድ ቁልፌን ይዤ ስወጣ ሜሮን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያን ቀን መብራት ላይ መቆሜን የነገርኳት ራሴ ነኝ፤ ባልነግራት ይሻል ነበር። ሌላም ነገር ነግሬያት ነበር። ወንዳፍራሽ ከሞተ ወዲህ ስነዳ ያንን የእግር ድምፅ እጠብቃለሁ። ለካ ስንት ጊዜ ፍሬን የምይዘው እሱን ሰምቼ ኖሯል! እሱ ካልረገጠ እኔ ቀድሜ አልይዝም። አንዴ ዌስተን ውስጥ አንዲት ሴት መሻገሪያው ላይ ቆማ በቡጢ ኮፈኔን መታችው።

«አባዬ፣ ቱዴይ እኔ ልንዳ» አለችኝ።

«መንዳት አቅቶኝ ነው?»

«አላልኩም። ጋቢና ተቀመጥ፣ ፕሊስ።»

ብዙ ተከራከርኩ። እሷም ግትር ናት፣ ከማን ወረሰች። በመጨረሻ ተቀመጥኩ። እግሬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ቀዳዳዋ ላይ ገባ። በልኬ ተሠፍታ የጠበቀችኝ ነው የምትመስለው። ሜሮን አነዳዷ ደህና ነው፣ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ቀበቶ አስራለች፣ መስታወት ታያለች። እኔ ግን ወንበሩ ይቆረቁረኛል። መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እጄ ጉልበቴ ላይ አያርፍም። የመጋዘኖቹ መንገድ ላይ ገባን። ሰው ነጠላ ለብሶ ከዚህም ከዚያም ይሻገራል። ሜሮን አይታቸዋለች፤ እንዳየቻቸው አውቃለሁ።

ድም! አለ እግሬ።

«አባዬ! እዛ ጋ ፍሬን የለም ኮ!»

«አውቃለሁ» አልኳት። «አንቺ ግን ያዢ።»

ያዘች።